ከክልል ከተማ በቀጥታ ወደ ሩቅ አገር፦ የትኛውን በረራ ብንጠይቅ ያዋጣል?

የከተማ ምክር ቤት በተቀመጠበት፣ ነጋዴ በተሰበሰበበት፣ ዳያስፖራው ገንዘብ ሊያዋጣ በተገናኘበት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «ከእኛ ከተማ በቀጥታ ወደ ውጭ የሚበር አውሮፕላን ለምን የለም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ከዋሽንግተን 13 ሰዓት ገደማ በርሮ ቦሌ የደረሰ ሰው፣ ሻንጣውን አውጥቶ፣ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ ተሰልፎ፣ እንደገና ወደ አገር ውስጥ በረራ ተርሚናል ተሻግሮ፣ የጎንደርን ወይም የድሬዳዋን አውሮፕላን ለመያዝ ግማሽ ቀን ሲጠብቅ መማረሩ የሚጠበቅ ነው። አረጋዊ እናት ወይም ሕፃን ይዞ የሚጓዝ ሰው ደግሞ ድካሙ እጥፍ ነው።

ነገር ግን «ዓለም አቀፍ በረራ ይሰጠን» የሚለው ጥያቄ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ይጨፈልቃል። አንዱ ሰው ሲጠይቅ የሚያስበው ድሪምላይነር፣ ማለትም ግዙፉ ቦይንግ 787፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ዋሽንግተን ሲያርፍ ነው። ሌላው የሚያስበው ጅዳን ነው፣ ሦስተኛው ቴል አቪቭን፣ አራተኛው ለጥምቀት የሚመጣ የቱሪስት ቻርተርን፣ ማለትም በልዩ ኪራይ የሚመጣ በረራን። ወጪያቸውም፣ የሚፈልጉት ማኮብኮቢያም፣ የመሳካት ዕድላቸውም ለየቅል ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ከተማቸው የውጭ በረራ እንድታገኝ ለሚለፉ ሰዎች ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ለክልል ከተሞቻችን ያለ ማረፊያ የሚደረግ የረጅም ርቀት በረራ መጠየቅ ዛሬ ጉልበት ማባከን ነው፤ መካከለኛ ርቀት መጠየቅ ግን ሊሳካ የሚችልና ብዙ ሰው የሚጠቅም ነው። ምክንያቱን በዝርዝር እንየው።

ከፍታና ሙቀት የሚቀንሱት

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የማኮብኮቢያውን ርዝመት ነው። ርዝመቱ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። በባሕር ጠለል ላይ ያለ 3,000 ሜትርና ደጋ ላይ ያለ 3,000 ሜትር ለአውሮፕላኑ እኩል አይደሉም። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ይሳሳል። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ የአየሩ ጥግግት ሙቀቱን ሳንቆጥር እንኳ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የሳሳ አየር ሦስት ነገር ያደርጋል፦ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ክንፉ አውሮፕላኑን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይጠይቃል፤ ያንን ፍጥነት ለማግኘት ደግሞ ረጅም መሮጫ ያስፈልጋል። ጎማዎቹም መሬት ላይ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ እንዲሽከረከሩ አልተሠሩም። በዚህ ላይ አንድ ሞተር ቢጠፋ በቀረው ብቻ ተራራውን አልፎ መውጣት መቻል አለበት። ሙቀት ሲጨመርበት ሁሉም ይብሳል።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ ለዲዛይን የሚጠቀምበት ቀላል ስሌት አለ። ማኮብኮቢያው በየ300 ሜትር ከፍታ በ7 በመቶ ይረዝማል፤ ከዚያ የቦታው ሙቀት ለዚያ ከፍታ ከተቀመጠው መደበኛ ሙቀት በላይ በሆነበት በእያንዳንዱ ዲግሪ 1 በመቶ ይጨመራል። በባሕር ጠለል ላይ 2,500 ሜትር የሚበቃውን አውሮፕላን ባሕር ዳር እናምጣው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ለከፍታው 42 በመቶ ሲጨመር 3,550 ሜትር ይሆናል። በሞቃቱ ወር ቀትር ላይ 30 ዲግሪ አካባቢ እንደሚሆን ብንወስድ፣ ለሙቀቱ የሚጨመረው አሃዙን ወደ 4,500 ሜትር ያደርሰዋል። ያለው ማኮብኮቢያ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ጭማሪው ከ35 በመቶ ሲያልፍ ኢካኦ ራሱ የተለየ ጥናት ይደረግ ይላል። ስለዚህ 4,500 የሚለውን እንደ መጨረሻ ልክ ሳይሆን እንደ አቅጣጫ ውሰዱት። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው።

ይህ ማለት ድሪምላይነር ባሕር ዳር አርፎ መነሣት አይችልም ማለት አይደለም። ይችላል፤ የሚያግደው ክብደቱ ነው። ለአጭር ጉዞ ትንሽ ነዳጅ ጭኖ ቀልሎ ሲነሣ ማኮብኮቢያው ይበቃዋል። ለአሥራ አምስት ሰዓት ጉዞ ከ70 ቶን በላይ ነዳጅ ሲጭን ግን ከመንገደኛና ከጭነት መቀነስ አለበት። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ግራም ያህል ይቆጠራል፤ ስለዚህ 10 ቶን ለመቀነስ መቶ ወንበር ባዶ ይቀራል ማለት ነው። መቶ ባዶ ወንበር ይዞ አትላንቲክን የሚሻገር አየር መንገድ ብዙ አይቆይም።

ቦሌ ራሱ የዚህ ምስክር ነው። ማኮብኮቢያው 3,800 ሜትር ነው፤ ያም ሆኖ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች በደብሊን ወይም በሎሜ እያረፉ ነዳጅ ሲሞሉ ኖረዋል። ከዋሽንግተን ሲመለሱ ግን ያለ ማረፊያ ይመጣሉ፤ እዚያ የሚነሡት ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ካላለ ቦታ ነው፣ ንፋሱም ከኋላ ይገፋል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታሰበው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ከሚያስገኛቸው ጥቅሞች አንዱ ከቦሌ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ማለቱ ነው። አፍሪካ ውስጥ ትልቁ አየር መንገድ ከዋና ማዕከሉ ያልቻለውን ከጎንደር እንዲያደርግልን መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም።

ከማኮብኮቢያው ውጭ

ግዙፍ አውሮፕላን ሲመጣ አብሮት የሚመጣው ወጪ ብዙ ጊዜ አይወራም። የድሪምላይነር ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 60 ሜትር ነው፣ የቦይንግ 737 ግን 36 ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ለትልቁ አውሮፕላን የመንቀሳቀሻው መንገድ ከ15 ሜትር ወደ 23 ሜትር መስፋት አለበት፣ ማቆሚያውም መዞሪያውም እንደዚያው። አስፋልቱም ክብደቱን መሸከም አለበት፤ ሥሩ ካልጠነከረ ጥቂት በረራ ይሰነጥቀዋል።

የእሳት አደጋ ዝግጅት ደግሞ በአውሮፕላኑ ርዝመት ይመደባል። በአገር ውስጥ መስመር የምናውቀው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ምድብ 6 ውስጥ ነው፤ 737-800 ምድብ 7፤ 787-9 ምድብ 9። ከምድብ 6 ወደ ምድብ 9 ሲኬድ በመኪኖቹ ላይ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ያለበት ውኃ ከ7,900 ሊትር ወደ 24,300 ሊትር ይወጣል። በሳምንት ለሦስት በረራ ብለን ይህን ሁሉ መኪናና ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ መቀለብ ይኖርብናል።

ነዳጁስ? 70 ቶን የአውሮፕላን ነዳጅ 90,000 ሊትር ያህል ነው። አንድ ትልቅ ቦቴ 45,000 ሊትር ቢይዝ ለአንድ በረራ ሁለት ቦቴ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ከተማው መምጣት አለበት። በዚህ ረገድ ድሬዳዋ ከሁሉም የተሻለች ናት፤ ለወደቡ ትቀርባለች።

ወደ አሜሪካ ለሚነሣ በረራ ሌላ በር አለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት በረራው በቀጥታ ወደ አሜሪካ የሚነሣበትን አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ይገመግማል። ይህ ለአንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።

ወንበሩን ማን ይሞላዋል?

ከሁሉም በላይ ወሳኙ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ማኮብኮቢያ በገንዘብ ይረዝማል፤ መንገደኛ ግን በገንዘብ አይፈጠርም።

270 ወንበር ያለው ድሪምላይነር በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢመላለስ በዓመት ከ84,000 በላይ ወንበር ያቀርባል። ሰማንያ በመቶው እንዲሞላ 67,000 ያህል መንገደኛ ያስፈልጋል፤ ከአንድ ከተማ ወደ አንድ መዳረሻ ብቻ። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ስለ ከተማችሁ አስቡ። በዓመት ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ፍራንክፈርት የሚሄደው ስንት ነው? ወደ ሁሉም አገር የሚሄደው ሳይሆን ወደዚያ አንድ ከተማ የሚሄደው።

ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደውን አውሮፕላን የሚሞላው የአዲስ አበባ ሰው ብቻ አይደለም። ከናይሮቢ፣ ከሐራሬ፣ ከኪጋሊ የመጣው ሁሉ አንድ ላይ ይሳፈራል። ማዕከል የሚባለው ለዚህ ነው፤ የጎንደሩ ተጓዥ በየቀኑ ወንበር የሚያገኘው የሌሎች አገሮች ሰው አውሮፕላኑን ስለሚሞላለት ነው። በረራው ጎንደር ላይ ቢጀምር ያ ሁሉ ሰው ይቀርበታል።

የወቅቱም ነገር አለ። የእኛ ዳያስፖራ የሚመጣበት ጊዜ የታወቀ ነው፦ ገናና ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ የፈረንጆቹ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ክረምት፣ እንቁጣጣሽና መስቀል። ከጥምቀት በፊት ወደ አገር ቤት የሚመጣው ሞልቶ ሲመጣ፣ ያው አውሮፕላን ሲመለስ ባዶ ነው፤ ከበዓሉ በኋላ ይገለበጣል። በመካከል ያሉት ወራት ደግሞ ዝም ያሉ ናቸው። ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ርካሽ ትኬት ይፈልጋል፣ ቢዝነስ ክላስም አይገዛም። የረጅም ርቀት በረራ ትርፍ ያለው ደግሞ የፊተኞቹ ወንበሮች ላይና በሆዱ የሚጫነው ካርጎ ላይ ነው። ካርጎው ሊረዳ ይችላል፤ አበባ፣ ሥጋ፣ አትክልት በየቀኑ የሚያቀርብ አካባቢ የተሻለ የመደራደር አቅም አለው። ግን ሲነሣ ክብደት መቀነስ ያለበት አውሮፕላን መጀመሪያ የሚተወው ካርጎውን ነው፤ ስለዚህ የደጋው ችግር እዚህም ይመለሳል።

አምስቱ አማራጮች፣ ከሌሎች አገሮች ታሪክ ጋር

*ያለ ማረፊያ የሚደረግ የረጅም ርቀት በረራ በግዙፍ አውሮፕላን።* ከላይ ያለው ሁሉ የሚመለከተው ይህንን ነው። አስፋልት አስቀድሞ ሠርቶ መንገደኛ መጠበቅ ምን እንደሚያስከትል ማየት የሚፈልግ ስሪላንካን ይመልከት። በደቡባዊቷ ሐምባንቶታ አካባቢ የሚገኘው የማታላ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2013 ተከፈተ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ 3,500 ሜትር ማኮብኮቢያ አለው፣ ትልቁን የመንገደኛ አውሮፕላን ኤ380ን ማሳረፍ የሚችል፣ በዓመት አንድ ሚሊዮን መንገደኛ ታስቦ በቻይና ብድር የተሠራ። መደበኛ በረራ የነበራቸው አየር መንገዶች አንድ በአንድ ወጡ። ብድሩ ግን አልወጣም። ዚምባብዌም ለቪክቶሪያ ፏፏቴ 4,000 ሜትር ማኮብኮቢያና አዲስ ተርሚናል በ150 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሠርታ በ2016 አስመረቀች። እዚያ ቱሪስቱ በእርግጥ አለ፤ ሆኖም ከአውሮፓ የመጣው የፍራንክፈርት በረራ እንኳ በናሚቢያዋ ዊንድሆክ በኩል የሚያልፍ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከ2017 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ይበርራል።

*መካከለኛ ርቀት በአነስተኛ አውሮፕላን።* እኔ የምደግፈው ይህ ነው። 737-800 በኢትዮጵያ አየር መንገድ አደረጃጀት 154 ወንበር አለው፤ አንድ መተላለፊያ ብቻ ያለው፣ በክልል ከተሞች የሚታወቅ አውሮፕላን ነው። ከባሕር ዳር እስከ ጅዳ በቀጥታ መስመር 1,150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከጎንደር እስከ ቴል አቪቭ 2,200፣ ከድሬዳዋ እስከ ዱባይ 2,250 ነው። ለእነዚህ የሚጭነው ነዳጅ ጥቂት ስለሆነ የከፍታው ችግር በብዙ ይቀላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቢበርር የሚያስፈልገው መንገደኛ በዓመት 25,000 ገደማ ነው፣ 67,000 አይደለም። ባይሳካም አውሮፕላኑ በማግስቱ ወደ ሌላ መስመር ይዛወራል፤ ከተማው ዕዳ አይቀርበትም።

በዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ሩቅ መሄድስ? ኤርባስ ኤ321 ኤክስኤልአር እስከ 8,700 ኪሎ ሜትር ይበርራል ተብሎ የተሠራ ሲሆን፣ የመጀመሪያው አየር መንገድ አይቤሪያ በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. ከማድሪድ ቦስተን በርሮበታል። ከባሕር ዳር እስከ ፍራንክፈርት 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በካርታ ላይ ሲታይ ያጓጓል። ግን የአምራቹ ቁጥር ለደጋ የተጻፈ አይደለም፣ ደግሞም የሌሎቹን ታሪክ እንይ። የእንግሊዟ ብሪስቶል 2,011 ሜትር ብቻ በሆነ ማኮብኮቢያ፣ ለባሕር ጠለል በቀረበ ቦታ፣ ከ2005 እስከ 2010 ድረስ በአሜሪካው አየር መንገድ ኮንቲኔንታል ቦይንግ 757 የቀጥታ የኒውዮርክ አካባቢ በረራ ነበራት። ሀብታም አካባቢ ነው፣ ቴክኒኩም ችግር አልነበረበትም፤ መስመሩ ግን ተዘጋ። የኖርዌዩ አየር መንገድ ኖርዌጂያንም በ2017 ከአሜሪካ ትናንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎች ወደ አየርላንድና ስኮትላንድ በ737 ማክስ ጀመረ። ከመጋቢት 2019 የኢትዮጵያ አየር መንገድ አደጋ በኋላ ማክሶቹ ታገዱ፤ በመስከረም 2019 መስመሮቹ አያዋጡም ብሎ ተወው። በአትላንቲክ መስመር ያላዋጣውን የትንሽ ከተማ በረራ እኛ ጋ እንዲሠራ መጠበቅ ይከብደኛል።

*በመንገድ ላይ ማረፍ።* ረጅም ርቀት ለምትመኝ ትንሽ ከተማ እውነተኛው መንገድ ይህ ይመስለኛል። ታንዛኒያ ውስጥ በአሩሻና በሞሺ መካከል ያለው የኪሊማንጃሮ አውሮፕላን ማረፊያ በ1971 ተከፈተ። ከፍታው 900 ሜትር ገደማ፣ ማኮብኮቢያው 3,600 ሜትር ነው። የኔዘርላንዱ ኬኤልኤም ከአምስተርዳም በግዙፍ አውሮፕላን መጥቶ ለሰረንጌቲና ለተራራው የመጣውን ቱሪስት እዚያ ያራግፋል፣ ቀሪውን ይዞ ዳሬሰላም ይቀጥላል። ሁለት ከተማ አንድ አውሮፕላን ይሞላሉ። ዘዴው የሠራው ከአንደኛው ከተማ ወደ ሁለተኛው ያለው በረራ አጭር ስለሆነ፣ አውሮፕላኑም ወደ አውሮፓ ሲመለስ ሙሉ ነዳጁን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለችው ዳሬሰላም ስለሚጭን፣ ቱሪስቱም ደህና ዋጋ ስለሚከፍል ነው። በእኛ አገር ይህ ሦስት ማዕዘን ሊሆን ይችላል፦ አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር፣ ጅዳ፣ ከዚያ በቀጥታ አዲስ አበባ። ከባሕር ዳር የተሳፈረው ሻንጣውን እንደገና ሳያወርድ ይሄዳል፤ አየር መንገዱም በአንድ ከተማ ሕዝብ ብቻ አይታመንም።

*የወቅት ቻርተር።* ለጎንደርና ለላሊበላ በዓላት ጥሩ መሞከሪያ ነው። ሌላ ጥቅሙ ማስረጃ መስጠቱ ነው፤ ሦስት ጥምቀት በተከታታይ የሞላ ቻርተር ለአየር መንገድ ከየትኛውም ደብዳቤ በላይ ይናገራል። ሰላም ሲናጋ መጀመሪያ የሚሰረዘውም ይኸው ነው፤ ከኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰሜኑ ያየው ይህንን ነው።

*በአዲስ አበባ በኩል የሚደረገውን ማሻሻል።* አይን አይማርክም፣ ሪባንም አይቆረጥበትም፣ ስለዚህ ማንም አይጠይቀውም። ግን ከአምስቱ ብዙ ሰው የሚደርሰው ይህ ነው። ከጅዳ፣ ከዋሽንግተንና ከሮም የሚመጡት በረራዎች ከደረሱ በሁለትና በሦስት ሰዓት ውስጥ የሚነሣ የክልል በረራ፤ ሻንጣው ከውጭ አገር እስከ መጨረሻው ከተማ እንዲደርስ በክልሉ አውሮፕላን ማረፊያ የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ሠራተኛ መመደብ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚጓዙ አረጋውያን ከአንድ ተርሚናል ወደ ሌላው የሚያደርስ ሰው። እነዚህ ቢሟሉ ለቅሬታው ግማሽ መልስ ይሆናሉ፤ ለዋሽንግተኑም፣ ለዱባዩም፣ ለስቶክሆልሙም በአንድ ጊዜ።

ከተማ በከተማ

ድሬዳዋ ከሁሉም የተሻለ መነሻ አላት። ከፍታዋ 1,170 ሜትር ገደማ ነው፣ ከቦሌ በግማሽ ያህል ዝቅ ያለ። ነፃ የንግድ ቀጣናው በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል፣ ሐረር አጠገብ ናት፣ ጅቡቲም ቅርብ ናት። ጉድለቷ ሙቀቱና ማኮብኮቢያው ነው፤ 2,700 ሜትር አይሞላም፣ በ35 ዲግሪ ቀትር ላይ ደግሞ የከፍታው ጥቅም በከፊል ይጠፋል። ሌሊት ወይም ማለዳ የሚነሣ 737 ወደ ዱባይ ወይም ጅዳ፣ ይህ ለእኔ በአገሪቱ ካሉት የክልል ዕድሎች ቀዳሚው ነው።

መቀሌ በተቃራኒው ረጅም ማኮብኮቢያ አላት፣ 3,600 ሜትር ገደማ። ያ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ከፍታዋ 2,250 ሜትር ስለሆነ ከቦሌ እምብዛም አትሻልም። ለጅዳና ለዱባይ በቂ ነው፣ ለአትላንቲክ አይደለም።

ባሕር ዳርና ጎንደር ለየብቻ ሲጠይቁ ሁለቱም ያጣሉ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አየር መንገድ እንደ አንድ ገበያ ነው የሚያያቸው። ጎንደር 1,970 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ማኮብኮቢያዋም ከባሕር ዳር ያጥራል፤ ሆኖም ባሕር ዳር የሌላት ነገር አላት፣ የእስራኤል ትስስር። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጉዘዋል፤ ዛሬ በእስራኤል ያለው ማኅበረሰብ ከ160,000 በላይ ነው፣ ሥሩም በአብዛኛው ጎንደርና አካባቢው ነው። ልጆች የአያቶቻቸውን መንደር ለማየት ይመጣሉ፤ ጎንደር ላይ ዘመድ ያላቸው ደግሞ ብዙ ናቸው። ለዚህ የሚመጥነው በወቅት የሚደረግ የቴል አቪቭ ቻርተር ነው፣ የእስራኤል በረራ የሚጠይቀው የጸጥታ ዝግጅት ከባድ መሆኑን ሳንረሳ። የጅዳውን ለባሕር ዳር፣ የቴል አቪቩን ለጎንደር ብለው ሁለቱ ከተሞች አንድ ማመልከቻ ቢያቀርቡ ምንኛ በጠነከረ።

ኮምቦልቻ ልብ የሚነካ ጉዳይ ናት። ከደቡብ ወሎ ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የሚሄደው ወጣት እጅግ ብዙ ነው፤ ምናልባት የጅዳ መንገደኛ ከሌሎቹ የክልል ከተሞች ሁሉ እዚህ ይበዛል። አውሮፕላን ማረፊያው ግን የቱርቦፕሮፕ (ባለ ፕሮፔለር) አውሮፕላን መጠን ነው። ለወሎ ልጆች የሚጠቅመው ከጅዳና ከሪያድ በረራ ጋር የተሰናሰለ፣ በአንድ ትኬት የሚሸጥ የኮምቦልቻ በረራ ነው። ሐዋሳን በዚህ ዝርዝር ብዙ አልተነትናትም፤ በመንገድ ለአዲስ አበባ የቀረበች ስለሆነች ቦሌ እስካለ ድረስ የውጭ በረራ ያስፈልጋታል ብዬ አላምንም።

ማመልከቻውን ከመጻፍ በፊት

የአየር መንገድ የመስመር ዕቅድ ክፍል የሚፈልገው ስሜትን ሳይሆን የመንገደኛ መነሻን ነው። ከዚህ ከተማ የተነሣ ሰው ቦሌ ላይ ሲሳፈር «አዲስ አበባ» ተብሎ ይመዘገባል፣ በተለይ በአውቶቡስ መጥቶ ከሆነ። ስለዚህ መጀመሪያ መሠራት ያለበት ያንን የተደበቀ መንገደኛ ማውጣት ነው። በከተማው ያሉ የጉዞ ወኪሎች የሸጡትን የውጭ ትኬት በወር በወርና በመዳረሻ ለይተው እንዲሰጡ ማድረግ፤ ከሥራና ክህሎት ቢሮ ወደ ዓረብ አገር ሠራተኛ የተላከበትን ቁጥር በወረዳ መውሰድ፤ የዳያስፖራ ማኅበራት አባሎቻቸው መቼ መጥተው መቼ እንደሚመለሱ እንዲሞሉ መጠየቅ፤ ነጋዴው በሳምንት ስንት ኪሎ ካርጎ ወደየት እንደሚልክ መመዝገብ። መሄጃና መመለሻው ለየብቻ ይቀመጥ፤ አንድ ላይ የተደመረ ቁጥር የባዶውን አውሮፕላን ይደብቃል።

ከዚያ አውሮፕላን ማረፊያውን የሚያስተዳድረውን አካል አራት ነገር ጠይቁ፦ የእሳት አደጋ ምድቡ ስንት ነው? አስፋልቱ ምን ያህል ክብደት ይሸከማል? ሌሊት ማሳረፍና ማስነሣት ይቻላል ወይ? ነዳጅ ስንት ቀን የሚበቃ ይቀመጣል? የሌሊቱ ጥያቄ ከአራቱ ይበልጣል፤ ለሞቃት ቦታ ትርጉም ያለው የመነሻ ሰዓት ሌሊቱ ስለሆነ፣ ከቦሌ የማታ በረራዎች ጋር መገጣጠም የሚቻለውም መብራት ያለው ማኮብኮቢያ ሲኖር ብቻ ስለሆነ።

የውጭ አየር መንገድ መጋበዝ ከታሰበ ደግሞ በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው የአየር አገልግሎት ስምምነት የትኞቹን ከተሞች እንደሚፈቅድ ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ይጠየቅ። ኢትዮጵያ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን የአፍሪካ ነጠላ የአየር ትራንስፖርት ገበያ ተቀላቅላለች፤ ያ የሚሠራው በአፍሪካ ውስጥ ነው፣ ለሪያድና ለዱባይ ግን ስምምነቱ የሁለትዮሽ ነው። ከተማችሁ በስምምነቱ ካልተጠቀሰች፣ ሌላውን ሁሉ ብታሟሉም የውጭ አውሮፕላን አይመጣም፤ ይህን ማስተካከል ደግሞ የመንግሥት ለመንግሥት ድርድር ስለሚጠይቅ ዓመት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ መረጃው በሚሰበሰብበት ጊዜ ጎን ለጎን መጀመር አለበት።